የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል የሳይንስ ማስተማሪያ ሣጥን በጅማ ክፍሎች፦ መሣሪያውና መመሪያው አልተስማሙም

በአማርኛ የተጻፈ የመምህር መመሪያ ያለውንና ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ የተዘጋጀውን የማስተማሪያ ሣጥን ትምህርት ቤታችን ከወላጆች በተሰበሰበ መዋጮ ከገዛው ጊዜ ጀምሮ፣ በአማርኛ በሚማሩ ክፍሎቻችን ስንሠራበት ቆይተናል። ይህን ግምገማ የጻፍኩት ሣጥኑን ለመግዛት ፕሮፎርማ በማሰባሰብ ላይ ላሉ ርእሳነ መምህራንና የሳይንስ ዲፓርትመንት ተጠሪዎች ነው። ተመሳሳይ ዕቃ በተለያየ መለያ ስለሚሸጥ ከስሙ ይልቅ ውስጡ ያለውን መመርመር ይበጃል፤ ስለዚህ አምራቹንም ሆነ የሸጠልንን መደብር በስም አልጠራም።

ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ መሣሪያዎቹ ከመመሪያው እጅግ የተሻሉ ናቸው። መሣሪያዎቹ ተማሪው ራሱ ለክቶ፣ ነክቶና አይቶ እንዲያውቅ ያስችሉታል፤ መመሪያው ግን በብዙ ቦታ መታየት ያለበትን ውጤት አስቀድሞ ይጽፋል፣ የታየው ከተጻፈው ጋር ሳይገጥም ሲቀር መምህሩ ምን ማድረግ እንዳለበትም አይናገርም። ይህን አውቆ የሚገዛ ትምህርት ቤት ገንዘቡ አይባክንም፤ ሳያውቅ የሚገዛ ግን ከግማሹ በላይ የሆነውን ጥቅም ሳያገኝ ይቀራል።

የሣጥኑ መምጣት በጊዜው ነው ማለት ይቻላል። ቀደም ሲል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እየተባሉ በየራሳቸው መምህር ይሰጡ የነበሩት ትምህርቶች በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በመካከለኛ ደረጃ አጠቃላይ ሳይንስ በሚል ተጣምረዋል። በመሆኑም በባዮሎጂ የሠለጠነው መምህር ስለ ዳይናሞ፣ በፊዚክስ የሠለጠነው ደግሞ ስለ ምግብ ሰንሰለት ማስተማር ግድ ሆኖባቸዋል። ያልሠለጠኑበትን ክፍል በልበ ሙሉነት እንዲያስተምሩ የሚረዳ ዕቃ በእጃቸው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

በሣጥኑ ውስጥ በቀይ አልኮል የሚሠሩ ቴርሞሜትሮች፣ በእጅ የሚዞሩ ትንንሽ ዳይናሞዎች ከአምፖሎቻቸው ጋር፣ ማግኔቶች፣ የብረት ብናኝ፣ ማጉያ መነጽሮች፣ የመስታወት ቱቦዎች፣ አንድ የአልኮል ማንደጃ፣ የአዮዲን ጠርሙስ፣ የምግብ ድር ካርዶች፣ በላሚኔት የተሸፈነ የክፍል ደንብ ሰሌዳና መመሪያው ይገኛሉ። ስለ ማግኔቶቹና ስለ ማጉያ መነጽሮቹ የሚባል ብዙ ነገር የለም፤ ይሠራሉ። ቴርሞሜትሮቹ የሜርኩሪ አለመሆናቸው ግን ሊመሰገን ይገባል። ከስልሳ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል አንድ ቴርሞሜትር ወድቆ መሰበሩ የማይቀር ነው፤ መርዛማው ሜርኩሪ በወለል ስንጥቅ ውስጥ ከሚበተን ቀይ አልኮል ቢፈስ ጣጣው ስባሪውን ጠርጎ በመጣል ያበቃል።

መመሪያው የሚጀምረው በሳይንስ ሳይሆን በክፍል ሥርዓት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ለደንብና ለልምምድ መድቦታል። መጀመሪያ ሳየው ጊዜ ማባከን መስሎ ሊታይ እንደሚችል ገምቼ ነበር፤ ባልደረቦቼም ያንኑ ብለዋል። ሆኖም ደንቦቹ ጥቂትና ግልጽ ናቸው። መምህሩ እጁን ሲያነሣ ሁሉም ሥራውን አቁሞ ዝም ይላል፤ ዕቃ የሚያመጣውና የሚመልሰው ከየቡድኑ አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ በሙከራ ወቅት ምንም ነገር አይቀመስም፤ ተማሪው ያየውን በመጀመሪያ ይጽፋል፣ ያሰበውን ደግሞ ለይቶ ከጎኑ ያሰፍራል። ዕቃ አምጪውን በሚመለከተው ደንብ ብቻ፣ ቀደም ሲል ክፍለ ጊዜውን ይበላ የነበረው ግርግር በእጅጉ ቀንሷል።

ከሁሉም የሚልቀው የመጨረሻው ደንብ ነው። ተማሪዎቻችን የደብተራቸውን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ከፍለው በግራው «ያየሁት»፣ በቀኙ «የገመትኩት» ብለው ይጽፋሉ። አዮዲን የነካው ቅጠል ቢጠቁር «ቅጠሉ ጠቆረ» የሚለው በግራ፣ «ስታርች ስላለው ነው» የሚለው በቀኝ ይሰፍራል። ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በቃል መያዝ የለመደ ተማሪ ይህን መስመር አክብሮ ለመጻፍ ጊዜ ይወስድበታል፤ ከለመደው በኋላ ግን መምህሩንም ሆነ መጽሐፉን የሚጠይቀው በዚያች መስመር ላይ ቆሞ ነው። የሣጥኑ አዘጋጆች ይህን ደንብ በሰሌዳው ግርጌ በትንሽ ፊደል ማተማቸው ይገርመኛል፤ ከላይ በትልቁ ሊጻፍ የሚገባው እሱ ነበር።

ደንቡን በጅማ ሁኔታ ለመተግበር ሁለት ማስተካከያዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ምዝገባ ገና ስለማያልቅና ተማሪው ተሟልቶ ስለማይገባ፣ በዚያ ሳምንት የተማሩትን ደንብ በቀጣዩ ሳምንት ለሚመጡት እንደገና ከማስተማር ክፍሉ እስኪሞላ ጠብቆ መጀመር ይሻላል። ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። መመሪያው የተጻፈው ለሠላሳ ተማሪ ታስቦ በመሆኑ የዕቃው ብዛት ለእኛ ክፍል አይበቃም። እኛ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት የተቀመጡትን ቡድኖች ሁለት ሁለት አጣምረን፣ ግማሾቹ ሲሠሩ ግማሾቹ እንዲመዘግቡ በማድረግ አቃለነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። በሙቀት ምዕራፍ ውስጥ ውኃ ማፍላትን የሚመለከት ሙከራ አለ፤ መመሪያውም ቴርሞሜትሩ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪያሳይ ይጠበቅ፣ ተማሪዎችም ይህን ይመዝግቡ ይላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ያነሰ በመሆኑ ውኃው በ94 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢነድበት ሙቀቱ አይጨምርም፣ የሚጨምረው እንፋሎቱ ነው። ውኃው እየተንፈቀፈቀ ቀዩ መስመር ከ94 ፈቀቅ አልል ሲል አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ የተበላሸው ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ ውኃው?» ብላ ጠየቀች። ሌሎቹን ቴርሞሜትሮች በየተራ አስገብተን ስናያቸው ከአንድ ዲግሪ በማይበልጥ ልዩነት ያንኑ አሳዩ።

ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ትምህርት በየትኛውም ገጽ ሊጻፍ አይችልም፤ መመሪያው ግን ዕድሉን ለመምህሩ አይሰጠውም። በፊዚክስ ያልሠለጠነና መመሪያውን የሚያምን መምህር ዕቃው ጉድለት አለበት ብሎ ተማሪዎቹን «100 ብላችሁ ጻፉ» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ያለ ዕለት «ያየኸውን ጻፍ» የሚለው ደንብ በራሱ በመምህሩ አፍ ይሻራል። በአንድ አንቀጽ ሊስተካከል የሚችል ጉዳይ ነው፤ ከፍታ በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር የውኃ መፍያ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ፣ አዲስ አበባ ውስጥም ወደ 92 ዲግሪ ዝቅ እንደሚል ቢጠቀስ ይበቃ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ በደጋና በወይና ደጋ በሚኖርበት አገር የሚሸጥ መመሪያ ይህን መዝለል አልነበረበትም። በነገራችን ላይ፣ ከፍ ባለ ደጋ የባቄላ ንፍሮ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ ተማሪዎቹ ከዚሁ ሙከራ ተነሥተው ራሳቸው ደርሰውበታል።

ዳይናሞዎቹ የሣጥኑ ምርጥ ዕቃ ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ ሲባል ሣጥኑ ቢገዛ አይቆጭም። ዳይናሞው ከአምፖል ጋር ሳይገናኝ እጀታው ያለ ችግር ይሾራል። ሁለቱ ሽቦዎች ከአምፖሉ ጋር በተያያዙበት ቅጽበት ግን እጀታው እጅ ላይ ይከብዳል፣ አምፖሉም ይበራል። ሁለተኛ አምፖል ጎን ለጎን ሲታከል ይበልጥ ይከብዳል፤ አንዱን ሲፈቱት ደግሞ እጀታው ድንገት ይቀላል። ኃይል ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ይለወጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም የሚለውን ሕግ በቃል ለዓመታት ስናስጠና ኖረናል፤ እዚህ ግን ተማሪው በክንዱ ያውቀዋል። መብራቱ ከየት መጣ ሲባል ከዳይናሞው፣ የዳይናሞው እንቅስቃሴስ ሲባል ከክንዴ፣ የክንድህ ጉልበትስ ሲባል ከቁርሴ እያለ ሄዶ ስንዴው ከተቀበለው የፀሐይ ብርሃን ዘንድ ይደርሳል። የኃይል ምዕራፍና የምኅዳር ምዕራፍ የሚገናኙት እዚህ ጋር ነው።

መመሪያው ግን ከዳይናሞው ቀጥሎ ለማብራሪያ የሚያቀርበው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥዕል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ እጅግ አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ሆኖ ሳለ፣ የጅማ ተማሪ ደግሞ ከከተማው ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን የግልገል ጊቤ ግድብ ስም ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ያደገ ሆኖ ሳለ፣ የከሰል ጭስ ማውጫ ማሳየት ምን ይሠራል? እኛ ሥዕሉን ትተን በግልገል ጊቤ አስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው አንደኛው ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከእሱ የሚወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውንና 420 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ከዚያም ወደ ኦሞ ወንዝ ገብቶ፣ ወረድ ብሎ 1,870 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ጊቤ ሦስት ይደርሳል።

ይህ አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ መሥራቱ ተማሪን በጣም ያስገርማል፤ ውኃው ኃይሉን ከሰጠ በኋላ እንዴት እንደገና ይሰጣል የሚል ጥያቄም ያስነሣል። መልሱ ከፍታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሜትር በወረደ ቁጥርም 10,000 ጁል ገደማ እምቅ ኃይል ይለቃል። ስለዚህ ለመውረድ የቀረው ከፍታ እስካለ ድረስ የሚሰጠው ኃይል አለው። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ከሠራን በኋላ ዳይናሞውን እንደገና ያዞረ ተማሪ፣ እጁ የውኃውን ቦታ እንደያዘ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የምኅዳሩ ምዕራፍ የሣጥኑ ደካማ ጎን ነው፤ በውስጡ ያለው አንድ ስሕተትም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በመመሪያው የምግብ ሰንሰለት ሥዕል ላይ ከፀሐይ ወደ አምራች ዕፅዋት፣ ከዕፅዋት ወደ ዕፅ በል፣ ከዕፅ በል ወደ ሥጋ በል፣ ከዚያ ወደ አበስባሾች የሚሄድ «ኃይል» የሚል ቀስት አለ፤ ያው ቀስት ከአበስባሾች ተመልሶ ዕፅዋቱ ላይ ይገጥማል። ይህ ስሕተት ነው። ከአበስባሾች ወደ ዕፅዋት የሚመለሰው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና የመሳሰለው ንጥረ ነገር እንጂ ኃይል አይደለም። ኃይል በየደረጃው በሙቀት መልክ ከሰንሰለቱ እየወጣ ይበተናል፤ ዕፅዋት እንደገና ኃይል የሚያገኙት ከአዲስ የፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው። በዳይናሞው ኃይል ከምንም እንደማይገኝ በክንዱ ያወቀ ተማሪ፣ ጥቂት ገጾች አልፎ ፀሐይ ሳያስፈልገው ለዘላለም የሚሽከረከር ኃይል ሲያይ የትኛውን ይመን? ሣጥኑ ያላቸው መምህራን ያንን የመመለሻ ቀስት ከወዲሁ በእስክሪብቶ ሰርዘው «ንጥረ ነገር» ብለው እንዲጽፉበት አጥብቄ እመክራለሁ።

ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚተላለፈው ኃይል 10 በመቶ ነው የሚለውንም መመሪያው እንደ ቋሚ ሕግ አስቀምጦታል። ለስሌት ልምምድ ያህል 10,000፣ 1,000፣ 100 እያሉ መውረድ ይጠቅማል፤ በተፈጥሮ ግን ቁጥሩ እንደ እንስሳውና እንደ አካባቢው ከፍና ዝቅ የሚል ግምታዊ አማካይ መሆኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር መነገር ነበረበት።

የምግብ ድር ካርዶቹ በጥሩ ወረቀት የታተሙና ሥዕላቸው የሚያምር ቢሆንም አንበሳ፣ የሜዳ አህያ፣ ግራርና ጥንብ አንሣ የሚታይባቸው የሣር ሜዳ ካርዶች ናቸው። እኛ የምንኖረው በቡና ጫካ አገር ነው። ዋንዛ፣ ብርብራና ሰሳ ጥላ ሆነውት ቡና የሚያድግበት፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ቅጠል የሚበላበት፣ ንብ በቡና አበባ ላይ የሚሰማራበት ምኅዳር ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ይገኛል፤ የበለጠ–ጌራ ደንም በዚሁ በጅማ ዞን ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ በካርቶን ቁራጭ ላይ የራሳቸውን ካርዶች ሠርተው ሲደረድሩ፣ ጥላው ዛፍ ቢቆረጥ የትኞቹ ካርዶች አብረው እንደሚነሡ ባደረጉት ክርክር የተነሣው ነጥብ ከታተሙት ካርዶች ጋር አይወዳደርም።

ለአበስባሾች ደግሞ ካርድ አያስፈልግም። በግቢያችን ካለው ዋንዛ ሥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ በሲባጎ ከልለን፣ ቅጠሉን በንብርብር እያነሣን በሣጥኑ ማጉያ መነጽር አይተናል። ከላይ ያለው ቅጠል ደረቅና ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥጋው አልቆ የቅጠሉ ጅማት ብቻ እንደ ወንፊት የቀረ፤ ከዚያ በታች በነጫጭ የሻጋታ ክሮች የተሳሰረ፤ ከሁሉም በታች ያለው ደግሞ ቅጠል ነው ለማለት የሚያስቸግር ጥቁር አፈር። መነጽሮቹ ርካሽ ፕላስቲክ ቢሆኑም ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው።

መመሪያው ስለ ውኃ ብክለት የሚያነሣው የፋብሪካ ኬሚካል ብቻ ነው። በጅማ ዙሪያ ግን በቡና ወቅት የሚታይ የራሳችን ምሳሌ አለን፤ እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ የሚወጣው ፍሳሽ ስኳርና ሌላ በቀላሉ የሚበሰብስ ነገር ይበዛበታል፤ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ባክቴሪያዎች በእሱ ይራባሉ፣ በውኃው የሟሟውንም ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ዓሣውና ነፍሳቱም አየር ያጣሉ። መርዝ ሳይጨመር ውኃ ሊሞት እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም። በዝናብ ወቅት አዌቱ ወንዝ አፈር ይዞ ደፍርሶ ሲወርድ ማየትም እንዲሁ ነው፤ ከተራቆተ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በግድብ ውስጥ ተጠራቅሞ የውኃውን ቦታ እንደሚሻማ ሲነገራቸው፣ የደንና የመብራት ጉዳይ አንድ መሆኑን ተማሪዎቹ ወዲያው ያያይዙታል።

ስለ ብርሃን አስተፃምሮ (ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ስለሚሠሩበት ሂደት) ሙከራ አንድ የደኅንነት ማሳሰቢያ አለኝ። ቅጠሉ አዮዲን ከመንካቱ በፊት ክሎሮፊሉ (አረንጓዴ ቀለሙ) እንዲወጣለት በአልኮል ውስጥ መቀቀል አለበት፤ የመመሪያው ሥዕል ግን አልኮል ያለበትን ቱቦ በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ከሥሩ ማንደጃው እንደተለኮሰ ያሳያል። የአልኮል ተን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ፣ ውኃው ከፈላ በኋላ ማንደጃው ጠፍቶና ከጠረጴዛው ርቆ፣ ቱቦው ከዚያ በኋላ ብቻ መግባት ይኖርበታል። በትልልቅ ፊደል መጻፍ የነበረበት ይህ ነው። ሙከራው ራሱ ስስ ቅጠል፣ ለምሳሌ የአደንጓሬ ቅጠል፣ ከተመረጠ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል፤ ሰማዩ ደመናማ ሆኖ በሰነበተበት ሳምንት ግን ጥቁረቱ ደብዘዝ ይላል። አዮዲኑ ሲያልቅ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የቁስል አዮዲን በውኃ ቀጥኖ ይተካዋል።

ሣጥኑ ራሱ ካርቶን ነው፤ የጅማን እርጥበት ደግሞ ካርቶን አይችለውም። አንድ ክረምት ሲያልፍበት ማዕዘኖቹ ላሙ፣ የብረት ብናኙም ዝጎ ተጋገረ። በእንጨት ሥራዋ በታወቀች ከተማ እየኖሩ በካርቶን መቸገር ስለማይገባ፣ ለአንድ አናጺ ልኩን ሰጥተን ክዳን ያለው የእንጨት ሣጥን አሠርተንለታል፤ ገዢዎች ይህንን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምረው ቢያስቡ ይሻላል።

የሸጠልን መደብር ሠራተኞች ትሁት ናቸው፤ ተቃጥሎ የመጣውን አምፖል ያለ ክርክር ቀይረውልናል። ደረሰኝ ላይ ግን በመጀመሪያ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሊሰጡን ስለነበር፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለ ሂሳብ ክፍላችን እንደማይቀበል አስረድተን ለማግኘት ተመላልሰናል። ከመክፈል በፊት ይህን መነጋገር ያሻል። ዋጋው ስንገዛ ከ9,000 ብር ጥቂት ያለፈ ነበር።

ለዚህ ከተማ ትልቁ ጉድለት ምናልባት ቋንቋው ነው። በዞኑ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በዚህ ደረጃ የሚያስተምሩት በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ መመሪያው፣ ካርዶቹና የደንብ ሰሌዳው በአማርኛ ብቻ ታትመዋል። በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ዕቃዎቹን ለብቻ፣ ያለ መመሪያው በቅናሽ መግዛት ይችል እንደሆነ ጠይቄ፣ ባለ መደብሩ «መምህር፣ ሣጥኑ ታሽጎ ስለሚመጣ ከፍለን አንሸጥም» ብለውኛል። ዳይናሞና ቴርሞሜትር ብቻ የሚፈልግ ግን ሁለቱን በተናጠል ከኤሌክትሮኒክስና ከሕክምና ዕቃ ሱቆች ማፈላለግ ይችላል፤ ቴርሞሜትሩን ሲገዛ የሰውነት ሙቀት መለኪያ አለመሆኑንና እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።